ወዳጅ መስሎ የመጣ ወረቀት፦ የጣሊያን ወረራ ዘመን ጋዜጦችና የሐረር ሙስሊሞች (1928–1933)

መግቢያ

ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ይዛ በቆየችባቸው አምስት ዓመታት የሀገሪቱ ሙስሊሞች ወራሪውን እንዴት ተቀበሉት? ለዚህ ጥያቄ በትምህርት ቤትም በመንደር ወግም የሚሰጠው መልስ አጭርና የተዘጋጀ ነው። ጣሊያን መስጊድ ሠራላቸው፣ ዐረብኛ አስተማረላቸው፣ ወደ ሐጅ ላካቸው፣ እነርሱም ወደዱት ይባላል። መልሱን የሚደግሙት ብዙዎች ናቸው፤ መጀመሪያ ማን እንደ ጻፈው የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ይህን ሥዕል በአመዛኙ የሣሉት የወራሪው ጋዜጦችና ሬዲዮ እንደ ሆኑ ማሳየት ነው። እነዚህ ጋዜጦች በሌላው ነገር ሁሉ ውሸታም ተብለው ተጣሉ፤ ስለ ሙስሊሞች በተናገሩት ብቻ ታማኝ ምስክር ሆነው ቀሩ። ነገሩን ለማብራራት የሐረርን ከተማ ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። ዘመናቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወሬ በጁገል ውስጥ

ሐረር ለኅትመት ፈጽማ እንግዳ አልነበረችም። በሀገራችን ቀደምት ከሆኑት ጋዜጦች አንዱ፣ «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተባለው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ፣ በካቶሊክ ሚሲዮናውያን እጅ በ1905 እ.ኤ.አ. በዚህችው ከተማ መውጣት ጀምሯል። አንባቢዎቹ ግን በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ስለ ነበሩ የጁገል ኑሮ ከእርሱ ጋር ብዙም የሚያገናኘው አልነበረም። የጁገል ዕውቀት የሚተላለፈው በቁርኣን ጌይ ከከቢር ወደ ደረሳ፣ በእጅ በተጻፈ ኪታብና በጁሙዓ ኹጥባ ነበር። የዕለቱ ወሬ ደግሞ በአምስቱ ጥንታዊ በሮች ከሚገባው ነጋዴ፣ ከገበያውና ከአፎቻው ይገኝ ነበር።

በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ጠባይ አለ። ነገሩን የሚያወራው ሰው ይታወቃል፤ ከማን እንደ ሰማው ይጠየቃል፤ ሐሰት ከሆነ በስሙ ይቀርበታል። የሐዲስ ሊቃውንት ኢስናድ ብለው ወደ ሳይንስ ደረጃ ያደረሱት የአስተላላፊዎች ሰንሰለት፣ በተራው ኑሮ ውስጥም የራሱ ጥላ ነበረው ለማለት ይቻላል። ከወራሪው ጋር የመጣው ጋዜጣ ይህ ሰንሰለት የጎደለው ነበር። የሚያወራው ከፍ ባለ ድምፅ ነው፤ ከማን እንደ ሰማው ግን አይናገርም።

ከጦርነቱ የቀደመው የወረቀት ጦርነት

የፋሽስት ኢጣሊያ የወሬ ሥራ ወታደሮቿ ድንበር ከመሻገራቸው በፊት የጀመረ ነው። ባሪ ከተባለው የደቡብ ኢጣሊያ ከተማ በዐረብኛ የሚሰራጨው ሬዲዮ በ1934 እ.ኤ.አ. ሥራውን ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጦርነቱ ሊነሣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሮም የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ መሪውም የሙሶሊኒ አማች ጋሌያዞ ቻኖ ነበር። ይህ መሥሪያ ቤት ኋላ «የሕዝብ ባህል ሚኒስቴር» ተብሎ ስሙ ተለውጧል። ሚኒስቴሩ ለጋዜጣ አዘጋጆች አጫጭር ትእዛዞችን ያስተላልፍ ነበር፤ ምን እንደሚጻፍ፣ ምን እንደሚታለፍ፣ የትኛው ዜና እንደሚጎላና የትኛው እንደሚያንስ ይወስናል። አንባቢው የሚያየው የአዘጋጁን ስም ነው፤ የሚያነበው ግን የሚኒስቴሩን ቃል ነበር።

የዐረቡ ዓለም ጋዜጦች በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፈሉ። በጄኔቫ የሚኖረው የሊባኖሱ አሚር ሸኪብ አርስላን ቀደም ሲል ኢጣሊያ በሊቢያ የፈጸመችውን ግፍ አጥብቆ ያወግዝ የነበረ ሰው ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ከሙሶሊኒ ጋር ከተገናኘ በኋላ ግን ብዕሩን አዞረ። የኢትዮጵያ ነገሥታት ሙስሊሞችን ጨቁነዋልና ሙስሊሞች ሊያዝኑላቸው አይገባም የሚል ክርክር በዐረብኛ ጋዜጦች አስፋፋ። ግብፃዊው ዩሱፍ አሕመድ በ1935 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «አል-ኢስላም ፊል-ሐበሻ» የተባለ መጽሐፍም በዚሁ መንገድ የተጻፈ ነው። በዚያው ዓመት ሌላው ግብፃዊ ሙሐመድ ሉጥፊ ጁምዓ ኢትዮጵያን በአንበሳ፣ ኢጣሊያን በነብር መስሎ ለኢትዮጵያ የቆመ መጽሐፍ አወጣ።

ለእኛ አንባቢዎች በተለይ ትኩረት የሚስበው፣ ክርክሩ የተካሄደበት ማስረጃ ሃይማኖታዊ መሆኑ ነው። ለኢትዮጵያ የቆሙት ወገኖች የመጀመሪያውን ሂጅራ፣ የነጃሺን መልካም አቀባበል፣ እንዲሁም በአቡ ዳውድ ሱነን የሚገኘውን፣ ሐበሾችን እስካልነኳችሁ ድረስ ተዉአቸው የሚል ይዘት ያለውን ሐዲስ ያነሡ ነበር። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ከነጃሺ በኋላ የሆነውን፣ በተለይም በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን በወሎ ሙስሊሞች ላይ የደረሰውን ግዳጅ እየጠቀሱ ይመልሱ ነበር። ስለዚህ ሐረር ገና ሳትያዝ፣ የሐበሻ ሙስሊም ጉዳይ በካይሮ፣ በኢየሩሳሌምና በጄኔቫ የጋዜጣ ርእስ ሆኖ ነበር። በርእሱ የተጠቀሰው ሙስሊም ራሱ ግን በእነዚያ ዓምዶች ላይ እምብዛም አልተናገረም።

በተግባር የታየው ምስክርነት ከጋዜጦቹ የተለየ ነበር። በግብፅ በልዑል ዑመር ጡሱን የሚመራ ኢትዮጵያን የሚደግፍ ኮሚቴ ሙስሊሞችንና ቅብጦችን አንድ አድርጎ ተቋቋመ፤ የግብፅ የሕክምና ቡድንም ወደ ምሥራቁ ግንባር መጥቶ በሐረርና በኦጋዴን ቁስለኞችን አከመ። የቀድሞው የዑስማንያ ጄኔራል ወሂብ ፓሻ የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል አማካሪ ሆኖ የኦጋዴንን ምሽግ አሠራ። ከኢጣሊያ ሶማሊያ ሸሽቶ የመጣው ሶማሌው ዑመር ሰመተር ደግሞ ከወልወል ግጭት ጀምሮ በኢትዮጵያ ወገን ተሰልፎ ተዋጋ።

ቦምቡና ጋዜጣው

መጋቢት 20 ቀን 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሐረርን ደበደቡ። ከተማዋ ጦር የማይሠፍርባት ግልጽ ከተማ መሆኗ አስቀድሞ ታውጆ ነበር፤ ቦምቡ ግን ሆስፒታሎችንና የሚሲዮን ቤቶችን ሳይቀር መታ። ሚያዝያ 30 ቀን የማርሻል ግራዚያኒ ጦር ከተማዋን ያዘ። በነጋታው፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ሙሶሊኒ በሮም የቄሣር መንግሥት መመሥረቱን አወጀ።

ግንቦት 24 ቀን 1928 የወጣው የአስተዳደር ሕግ የምሥራቅ አፍሪካን ይዞታ በአምስት ግዛቶች ከፈለ፤ ሐረርም አንዷ ሆነች። ሕጉ ለሙስሊሞች የእምነትና የወግ መከበርን ቃል ይገባል፤ በሙስሊም አካባቢዎች ዐረብኛ በግዴታ እንዲሰጥ ያዛል፤ በሐረር ግዛት ትምህርት በሐረሪኛና በኦሮምኛ እንዲሆን ይወስናል። በሐረር ላይ ገዥ ሆኖ የተሾመው ጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ ነበር። ይህ ሰው በኦጋዴን ጦርነት የሊቢያውን ክፍለ ጦር የመራ ነው። ከሊቢያ የተመለመሉ ሙስሊሞችን አሰልፎ ሙስሊሞች በሚኖሩበት ምድር ላይ የዘመተው አዛዥ፣ ለእስልምና አሳቢ ተብሎ የተዋወቀው ገዥ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የኅትመቱ ሥራ በሦስት ቋንቋ ተሰናዳ። ለጣሊያናውያን ሰፋሪዎች በአዲስ አበባ «ኮሪዬሬ ዴል ኢምፔሮ» ይታተማል። ለአማርኛ አንባቢ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» ቀረበ። ለዐረብኛ አንባቢ «በሪድ አል-ኢምብራጡሪያ» ወጣ። ከጦርነቱ በፊት የነበሩት እንደ «ብርሃንና ሰላም» ያሉ ጋዜጦች ጠፍተዋል፤ ለወራሪው መልስ የሚሰጥ አንድም የሀገር ውስጥ ጋዜጣ አልቀረም። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ጋዜጣው ከዓይን ይልቅ በጆሮ የሚደርስ ነበር፤ አንዱ ያነብባል፣ ብዙው ይሰማል። እንደ ሐረር ባለ፣ ልጆች ከሕፃንነታቸው የዐረብኛ ፊደል በሚቆጥሩበት ከተማ፣ የዐረብኛው ወረቀት በር ተከፍቶለት የሚገባ እንግዳ መስሎ ነበር የሚቀርበው።

እውነትን የተደገፈ ሐሰት

የወራሪው ጋዜጣ ኃይል በፈጠራ ወሬ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም። የተመረኮዘው በእውነተኛ ቁስል ላይ ነው። ሐረር በ1879 በጨለንቆ ጦርነት ነጻነቷን አጥታለች። በፈረስ መጋላ የነበረው መስጊድ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ሙስሊሙ በመንግሥት ሥራና በፍርድ ፊት እኩል አለመታየቱ ጋዜጣ ሳይነግረው የሚያውቀው ነገር ነበር። ጋዜጣው ይህን ቁስል አልፈጠረውም፤ አገኘውና መሣሪያ አደረገው። ስለዚህ የዘመኑን ቅሬታ ሁሉ የጣሊያን ስብከት ውጤት ነው ብሎ ማለፍ፣ ሙስሊሞች ሁሉ ጣሊያንን ወደዱ ከማለት የማይሻል ስሕተት ነው።

ስጦታዎቹም በአብዛኛው እውን ነበሩ። መስጊዶች ተሠርተዋል፣ ተጠግነዋል፤ ቃዲዎች ተሾመዋል፤ ለሐጅ ጉዞ ድጋፍ ተሰጥቷል። ጋዜጣው እነዚህን ሲዘግብ አልዋሸም። የዋሸው በዝምታው ነው። የመስጊድ ምረቃን ዜና የሚያነብ ሰው፣ ከጎኑ መጻፍ የነበረበትን አላገኘም። ያልተጻፈውን ጥቂቱን እንመልከት።

አንደኛው ሊቢያ ነው። ግራዚያኒ ወደ ሐረር ከመምጣቱ በፊት በሰሜን ምሥራቅ ሊቢያ፣ በበርቃ፣ ምክትል ገዥ ነበር። በዚያ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከነከብቱ ተነቅሎ በበረሃ ካምፖች ተከማችቷል፤ የሰኑሲያ ዛዊያዎች ተዘግተው ንብረታቸው ተወርሷል። የቁርኣን መምህር የነበሩት ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታር በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ በመስከረም 1924 በሕዝብ ፊት ተሰቅለዋል። ሐረርን ይዞ ለሙስሊሞች የወዳጅነት ቃል ያሰማው ያው እጅ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በመጣሉ ምክንያት የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀናት ተጨፈጨፈ። ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 9 ቀን፣ ሙሶሊኒ በትሪፖሊ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለውን ተቀብሎ ራሱን የእስልምና ጠባቂ ብሎ አሳወጀ። ሰይፉ የተሠራው በኢጣሊያ፣ በፍሎረንስ ከተማ ነበር። የሰይፉ ዜናና ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ሲሰራጭ፣ የአዲስ አበባው እልቂት ግን በወራሪው ጋዜጦች ውስጥ የሕግ ማስከበር እርምጃ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው መርዝ ጋዝ ነው። የኢጣሊያ ጦር ኦጋዴንን ጨምሮ በየግንባሩ የመርዝ ጋዝ ተጠቅሟል፤ ስለዚህ ጉዳይ በጋዜጦቹ መጻፍ የተከለከለ ነበር። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ይህን በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ዝምታ ይህን ያህል ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

አራተኛው የዘር ሕግ ነው። በሚያዝያ 1929 እና በሰኔ 1931 የወጡት ሕጎች ነጩን ከጥቁሩ ለይተው፣ ከሀገሬው ሴት ጋር በትዳር መልክ የኖረ ጣሊያናዊ እንዲቀጣ፣ «የዘር ክብር» እንዲጠበቅ አዘዙ። ሕጎቹ ሙስሊምን ከክርስቲያን አልለዩም። በሐረርም ለጣሊያናውያን ከጁገል ውጭ የተለየ አዲስ ሰፈር ታቀደ። በጋዜጣ ላይ የተከበረ ወዳጅ የተባለው ሰው፣ በሕጉ ፊት ከገዥው በታች የቆመ «ተገዥ» ብቻ ነበር።

ሁለቱን ጋዜጦች ጎን ለጎን

የነዚህን ኅትመቶች ባሕርይ ከሁሉ በላይ የሚገልጠው፣ የአማርኛውንና የዐረብኛውን መልእክት አንድ ላይ አድርጎ ማየት ነው። ለሙስሊሙ፣ ከክርስቲያን ነገሥታት ቀንበር ያወጣህ ሮም ነው ይባላል። ለክርስቲያኑ ደግሞ በኅዳር 1930 ቤተ ክርስቲያንህን ከእስክንድርያ ነጻ አውጥቼ ራሷን አስቻልኳት ይባላል። ለእያንዳንዱ በቋንቋው የሚነገረው፣ ያለ እኔ ጠባቂ የለህም፣ ጎረቤትህም ጠላትህ ነው የሚል ነው። ሁለቱ አንባቢዎች አንዱ የሌላውን ጋዜጣ እንዳያነብ በቋንቋ ተለይተው ነበርና፣ ያው መንግሥት በሁለት ፊት መናገሩ አልተገለጠላቸውም።

ይህ መከፋፈል በወረቀት ላይ አልቀረም። በግንቦት 1929 በደብረ ሊባኖስ ገዳም በመነኮሳትና በምእመናን ላይ ለተፈጸመው እልቂት ሙስሊም የቅኝ ግዛት ወታደሮች ሆን ተብሎ ተመርጠው ተልከዋል። የትእዛዙ ባለቤት ግራዚያኒ ነው፤ ደሙ ግን በጎረቤታሞች መካከል እንዲቀር ተደረገ። ለሙስሊሙ ወዳጅ ነኝ የሚለው መንግሥት፣ ሙስሊሙን በወገኑ ፊት ወንጀለኛ ያደረገበትን መንገድ የትኛውም ጋዜጣ አልጻፈውም።

ለወራሪው ማደርም በሃይማኖት የተወሰነ አልነበረም። «ልብ ወለድ ታሪክ»ን የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «አፈ ቄሣር» ተብለው ለኢጣሊያ አገልግለዋል፤ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ታላላቅ መኳንንትም ገብተዋል። የእነርሱ መግባት ግን «ክርስቲያኖች ጣሊያንን ወደዱ» የሚል አጠቃላይ ፍርድ አልወለደም። የጥቂት ሰዎች ሥራ በሕዝብ ሁሉ ላይ የተጫነው በሙስሊሞች ጉዳይ ነው።

የጋዜጣው የመጨረሻ አንባቢ

ወራሪው በደከመ ጊዜ ሌላው ወገንም በወረቀት ተዋጋ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በለንደን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ»ን አዲስ አበባ ከተያዘችበት ቀን ጀምሮ አሳተመች። በካርቱም እንግሊዞች «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ አዘጋጁ፤ ይህም ቢሆን የጦርነት ፕሮፓጋንዳ መሆኑን አንባቢ ሊዘነጋው አይገባም። በመጋቢት 1933 ሐረር ከኢጣሊያ እጅ ወጣች። በአዲስ አበባም «ሠንደቅ ዓላማችን»ና «አዲስ ዘመን» ሲወጡ፣ ለዐረብኛ አንባቢ «አል-ዐለም» ቀረበ። ተመላሹ መንግሥት የዐረብኛውን አንባቢ ለሌላ መተው እንደማይገባ ተረድቶ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም የወራሪው ጋዜጣ የሣለው ሥዕል ከወራሪው ጋር አልወጣም። «ቄሣር ሀገሪቱን አሠለጠነ» የሚለውን ማንም አላመነም። አርበኞችን «ሽፍታ» ያለው ተሽሯል፤ ስማቸው በክብር ተጽፏል። «ሙስሊሞች የሮም ወዳጆች ናቸው» የሚለው ግን ሳይመረመር ተላለፈ። ያመኑትም የወራሪው ደጋፊዎች አልነበሩም፤ ይልቁንም ወራሪውን አጥብቀው የሚጠሉ ነበሩ። እንዲህ ሆኖ የጋዜጣው የመጨረሻና ታማኝ አንባቢ የጋዜጣው ጠላት ሆነ።

የዚህ ዋጋ በሐረር ተከፍሏል። በ1940 ከከተማዋ የተነሡ ሰዎች ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር ተባብረው ሞቃዲሾ ለነበረው የአራቱ ኃያላን መንግሥታት መርማሪ ኮሚሽን አቤቱታቸውን ሲያሰሙ፣ «ኩሉብ» ተብሎ በሚታወቀው በዚህ ንቅናቄ ምክንያት ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፣ ንብረታቸው ተወረሰ፣ ብዙዎችም ከተማቸውን ጥለው ሄዱ። ንቅናቄው የራሱ ምክንያት፣ መንግሥትም የራሱ ስጋት ነበረው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ አስቀድሞ የባዕድ ወዳጅ ተብሎ ከተሣለ፣ አቤቱታው እንደ አቤቱታ የመሰማት ዕድሉ ጠባብ ነው። የመከፋፈሉ ጋዜጣ መታተም ካቆመ ከሰባት ዓመት በኋላም ሥራውን ይሠራ ነበር።

ለመምህራንና ለኢማሞች

በሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ፣ አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ አማኞች እንዲያጣሩ ታዝዘዋል፤ ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል፦ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድቶ በኋላ መጸጸት እንዳይመጣ። ጋዜጦቹን እንደ ታሪክ ምንጭ ስንጠቀም ይህ ትእዛዝ የሚሠራ መመሪያ ይሆናል። አንቀጹ ወሬውን ጣሉት አላለም፤ አጣሩት አለ። የወራሪው ጋዜጣም መጣል የለበትም። መስጊድ መቼ እንደ ተመረቀ፣ የትኛው ባለሥልጣን በዒድ እንደ ተገኘ ሊነግረን ይችላል። የሕዝብን ልብ ሊነግረን ግን አይችልም፤ በቦምብና በወታደር የተያዘ ሕዝብ በአደባባይ ያጨበጨበው ጭብጨባ የሚመሰክረው ስለ አደባባዩ ብቻ ነውና።

ስለዚህ ይህን ዘመን በክፍል ውስጥም ሆነ በመስጊድ የሚያስተምር ሰው በእያንዳንዱ ዜና ላይ አራት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይጠቅመዋል። ይህን ለማን ነው የሚናገረው? በዚያው ሳምንት ለሌላው ሃይማኖት ተከታይ ምን ይል ነበር? በዚያው ሳምንት ምን ሳይጽፍ አለፈ? የተጠቀሰው ሰው ራሱ የሚናገርበት ሌላ ምንጭ አለን? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በጁገል ቤቶች ከተቀመጡ ኪታቦችና ደብዳቤዎች፣ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መዛግብት፣ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች ቃል ነው። የዘመኑን ሰው ያዩ፣ የወላጆቻቸውን ቃል የሰሙ አረጋውያን በየጊዜው እየተለዩን ናቸው። ቃላቸው ከነተናጋሪው ስም፣ ከማን እንደ ተሰማ ተጠቅሶ ቢመዘገብ፣ ጋዜጣው የነፈገንን ኢስናድ መልሰን እናገኛለን።

ይህ ሥራ ማንንም ነጻ ለማውጣት ወይም ለመክሰስ የሚሠራ አይደለም። ለወራሪው ያደረ ሙስሊም ነበር፤ ያደረ ክርስቲያንም ነበር። የተዋጋ፣ ዝም ብሎ ቤተሰቡን ያሳደገ፣ ስጦታውን ተቀብሎ ልቡን ያልሰጠም ነበር። እነዚህን ሁሉ «ሙስሊሞች» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ለሮም ያስረከበው የወራሪው ጋዜጣ ነው። ያንን ቃል ሳንመረምር በደገምን ቁጥር፣ ከሰማንያ ዓመት በፊት የተሸነፈውን መሥሪያ ቤት ያለ ደመወዝ እናገለግላለን።